ቤልት ሳንደር ልትገዙ ነው? ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እስቲ ይህን አስቡት። ሦስት ጓደኛሞች ሆናችሁ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍታችኋል። ከቁጠባም ከዕቁብም አሰባስባችሁ የመጀመሪያውን ቤልት ሳንደር ገዛችሁ። በማግስቱ ለደንበኛ የሚደርስ የምግብ ጠረጴዛ አለ። ማሽኑን አስነሳችሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አሳረፋችሁት፣ ስልካችሁ ጠራና እጃችሁ ለአፍታ ቆም አለ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ማሽኑን ስታነሱት ጠረጴዛው መሐል ላይ ማንኪያ የምታህል ጉድጓድ ቁጭ ብላለች። ቫርኒሽ ቢቀባም አትደበቅም፤ እንዲያውም መብራት ሲያርፍባት ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ጥፋቱ የማን ነው? የእጃችሁ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ገና ሱቅ ውስጥ ነው። ትልቁ ይሻላል ተብሎ ትልቅ ማሽን ይገዛል፣ ፍጥነቱን መቀነስ አይቻልም፣ የሚገጠምለት ወረቀት ደግሞ ገበያ ላይ አይገኝም። በቃ፣ ያ ሁሉ ብር መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ስለዚህ ዛሬ ቤልት ሳንደር እንዴት እንደሚመረጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናያለን። አናጢ ባትሆኑም አንብቡት፤ የራሳችሁን አልጋ ወይም በር ማደስ ያሰባችሁ ካላችሁም ይጠቅማችኋል።

📌 ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሁላችንም ብርጭቆ ወረቀት እናውቃለን። እንጨት ላይ በእጅ ወዲያ ወዲህ እያልን የምናለሰልስበት ሻካራ ወረቀት ነው። ቤልት ሳንደር ይህንኑ ወረቀት ጫፍና ጫፉን አጣብቆ ቀበቶ ያደርገዋል። ቀበቶው ሁለት ሮለሮች ላይ ይገባል። የኋላውን ሮለር ሞተር ያዞረዋል፣ የፊተኛው ደግሞ በስፕሪንግ ወጥሮ ይይዘዋል። በሁለቱ መካከል ከታች በኩል ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ እየተንሸራተተ ሲያልፍ እንጨቱን ይበላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፖርተር ኬብል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በእጅ የሚያዝ ቤልት ሳንደር ለገበያ ያቀረበው በ1926 እ.ኤ.አ. ነው፤ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አሜሪካ ውስጥ እንዲያውም ይህን ማሽን እንደ መኪና መስመር ላይ አሰልፈው ውድድር የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ማሽኑ ሲበራ በራሱ ወደ ፊት መሮጥ ይፈልጋል። ይህን ነገር ያዙት፣ ኋላ ስለ አደጋ ስናወራ እንመለስበታለን።

📌 ጥያቄ 1፦ እውነት ያስፈልጋችኋል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤልት ሳንደር "ማለስለሻ" ቢባልም ዋናው ሥራው ማለስለስ ሳይሆን መብላት ነው። ከመላጊያ ቀጥሎ፣ ከጥሩ ማለስለሻ በፊት የሚመጣ መካከለኛ ማሽን ነው በሉት።

በደንብ የሚሠራላችሁ፦

👉 ጣውላዎችን በኮላ አጣብቃችሁ ሰፊ ገበታ ስትሠሩ፣ አንዱ ከሌላው ከፍ ዝቅ ያለበትን ለማስተካከል
👉 አሮጌ በር፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ ላይ የደረቀ ቫርኒሽ ለመግፈፍ
👉 የመጋዝ ጥርስ የተወውን ጠባሳ ለማጥፋት
👉 በር ሲያብጥና አልዘጋ ሲል ጠርዙን ትንሽ ለመቀነስ

የማይሆንላችሁ፦

👉 የመጨረሻ ማለስለስ። ለዚህ የሚሻለው በእጅ መዳፍ የሚያዘው፣ ክብ ወረቀት ያለው ኦርቢታል ሳንደር ነው።
👉 ኮምፔርሳቶ እና በስስ ልባጥ የተሸፈነ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ። የላይኛው ልባጥ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ቤልት ሳንደር ልባጡን በልቶ ከሥሩ ያለውን ሌላ ቀለም ለማውጣት ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ያንን ደግሞ የሚመልስ ነገር የለም።
👉 ቅርጻ ቅርጽ፣ የተጠማዘዘ ነገር፣ ጠባብ ማዕዘን።

እንግዲህ ራሳችሁን ጠይቁ። ሥራችሁ በአብዛኛው ቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔት ከተዘጋጀ ኤምዲኤፍ መሥራት ከሆነ ቤልት ሳንደር ቀዳሚ ግዢያችሁ አይደለም። ኦርቢታል ግዙ፣ የቀረውን ብር ለሌላ ነገር አውሉት። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድ ወይም ባህር ዛፍ ጣውላ እየሰነጠቃችሁ ጠረጴዛና አልጋ የምትሠሩ ከሆነ ግን ቤልት ሳንደር የግማሽ ቀን የእጅ ድካም ይቀንስላችኋል።

📌 ጥያቄ 2፦ ስንት በስንት?

ቤልት ሳንደር የሚጠራው በወረቀቱ ስፋትና ዙሪያ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦

👉 76 በ457 ሚሊ ሜትር (በኢንች 3 በ18)
👉 75 ወይም 76 በ533 ሚሊ ሜትር (3 በ21)
👉 100 በ610 ሚሊ ሜትር (4 በ24)

ምሳሌ እንውሰድ። የማኪታው 9911 በ76 በ457 ወረቀት የሚሠራ፣ 650 ዋት የሚወስድ ማሽን ነው። የቦሹ ጂቢኤስ 75 ኤኢ በ75 በ533 ወረቀት፣ በ750 ዋት ይሠራል። የማኪታው 9403 ደግሞ 100 በ610 የሚጎርስ፣ 1,200 ዋት የሚወስድ ትልቅ ነው።

ቁጥሩ ለእናንተ ምን ማለት ነው? ትንሹ ማሽን ሦስት ኪሎ አይሞላም፤ ትልቁ ከአምስት ኪሎ በላይ ነው። ልዩነቱ ሱቅ ውስጥ አይታወቅም። የሚታወቀው የበር ጠርዝ ላይ በቁም ይዛችሁት አሥር ደቂቃ ስትቆዩ ነው። ሰፊ ገበታ ተኝቶ ሲሠራ ግን ክብደቱ ራሱ ስለሚጫንላችሁ ትልቁ ይሻላል፤ ወለሉ ሰፊ ስለሆነም ወዲያና ወዲህ አይንገዳገድም።

ለጀማሪ፣ ለአንድ ማሽን ብቻ ብር ላለው፣ 76 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይበቃል። እጅ ይለምዳል፣ ለበርም ለጠረጴዛም ይሆናል። ትልቁን፣ የጠረጴዛ ገበታ በየሳምንቱ ስትሠሩና ትንሹ አላደርስ ሲላችሁ ትገዙታላችሁ።

📌 ጥያቄ 3፦ ፍጥነቱ ይቀነሳል ወይ?

ሻጭ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ዋቱን ነው። "ይሄ 1,200 ነው፣ ያ 650 ነው" ይላል። ዋት ሞተሩ ከመብራት የሚወስደውን ጉልበት ይናገራል እንጂ ሥራው ማማሩን አይናገርም። ከዋቱ ይልቅ ወረቀቱ በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚሮጥና ፍጥነቱን መቀነስ መቻሉን ጠይቁ።

ማኪታ 9911 ላይ ፍጥነቱ ከ75 እስከ 270 ሜትር በደቂቃ ይስተካከላል። 9403 ደግሞ በአንድ ፍጥነት ብቻ፣ 500 ሜትር በደቂቃ ይሮጣል። 500 ሜትር በደቂቃ ማለት በሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ሻካራ ወረቀት እንጨታችሁ ላይ ያልፋል ማለት ነው። ሁለት ሰከንድ ቆም ስትሉ 16 ሜትር ወረቀት አንድ ቦታ ላይ አለፈ። ያቺ የማንኪያ ጉድጓድ ከየት እንደመጣች አሁን ገባችሁ አይደል?

ፍጥነት መቀነሻ ያለው ማሽን ሁለት ነገር ያተርፍላችኋል። አንደኛ፣ ጀማሪ እጅ ስህተቱን ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ቀስ ያለ ስህተት ደግሞ ይታረማል። ሁለተኛ፣ ቫርኒሽና ቀለም ስትገፉ ወረቀቱ በፍጥነት ሲሮጥ ይግላል፣ ቀለሙ ይቀልጥና ወረቀቱ ላይ ይጋገራል። ቀስ ሲል ግን እየተፈረፈረ ይወጣል።

ሌላ የሚጠቅም ነገር አለ። አንዳንድ ማሽኖች ከሥራቸው ዙሪያ የሚገጠም የብረት ፍሬም ይሸጥላቸዋል። ፍሬሙ ማሽኑ ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብልና እንዳይቆፍር ይይዘዋል። ከተገኘ ለጀማሪ ከጉልበተኛ ሞተር ይበልጣል።

📌 ጥያቄ 4፦ መብራቱስ?

የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። የአሜሪካ 120 ቮልት ነው። ይህቺ ትንሽ የምትመስል ልዩነት ስንት ማሽን አቃጥላለች!

ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ "ምን ላምጣልህ?" ይላል፣ እናንተም ማሽን ትላላችሁ። ማሽኑ ይመጣል፣ የስፒናው ጠፍጣፋ እግር በመቀየሪያ ተስተካክሎ ሶኬት ውስጥ ይገባል። መቀየሪያው ግን የቀየረው እግሩን እንጂ ቮልቱን አይደለም። 120 ቮልት የሚፈልግ ሞተር 220 ሲገባበት ለጥቂት ሰከንድ እንደ አውሬ ይጮሃል፣ ከዚያ ጭስ ነው።

መፍትሔው ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው። ትራንስፎርመሩ የሚችለው ዋት ከማሽኑ ዋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ለ700 ዋት ማሽን 1,000 ዋት የሚል ትራንስፎርመር ጠርዝ ላይ ነው፤ 1,500 ከሆነ እፎይ ትላላችሁ። ነገር ግን ሒሳቡን ሥሩት። የትራንስፎርመሩ ዋጋ፣ ክብደቱ፣ በየሥራ ቦታው መሸከሙ ሲደመር እዚሁ 220 የሆነ ማሽን መግዛት ሊሻል ይችላል።

ለዘመዳችሁ የምትልኩት መልእክት አጭር ይሁን፦ "ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ 220 እስከ 240 ካላለ አትግዛ።"

የባትሪ ማሽንስ? ባለ 18 ቮልት ቤልት ሳንደሮች አሉ፤ የቮልት ጣጣቸው ቻርጀሩ ላይ ብቻ ነው፣ እሱ ላይ 100 እስከ 240 የሚል ካለ እዚህ ይሠራል። ግን አንድ ቀላል ሒሳብ ልስጣችሁ። 18 ቮልት፣ 5 አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ የሚይዘው ጉልበት 90 ዋት ሰዓት ነው። 650 ዋት ያለማቋረጥ ቢወሰድበት ስምንት ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። በእርግጥ ማሽኑ ሁልጊዜ ሙሉ ጉልበቱን አይጠቀምም፤ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ወርክሾፕ ሦስት አራት ባትሪ ያስፈልጋል። ደንበኛ ቤት ሄዶ አንድ በር ለማስተካከል ግን የሚመች ነው።

ኤክስቴንሽንም ችላ አትበሉ። ቀጭን ሽቦ ያለው ረጅም ኤክስቴንሽን ቮልቱን ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይደክማል፣ ይግላል። ገመዱን ደግሞ ተጠቅልሎ እንዳለ አትጠቀሙበት፤ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ሽፋኑ ይቀልጣል። ሙሉ በሙሉ ዘርጉት።

📌 ጥያቄ 5፦ ወረቀቱ በየትኛውም ቀን ይገኛል?

ከሁሉም በላይ ይህን ጥያቄ አትርሱ። ማሽኑን አንዴ ነው የምትገዙት፣ ወረቀቱን ግን ሁልጊዜ። ወረቀት የሌለው ቤልት ሳንደር ሽቦ ያለው ብረት ነው።

ስለዚህ ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት መርካቶም ሆነ በከተማችሁ ባሉ የእቃ መሸጫዎች ዙሩና መጀመሪያ ወረቀቱን ጠይቁ። "76 በ457 አለ? 75 በ533ስ?" በሉ። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ያለው የትኛው መጠን ነው? ማሽኑን በዚያ መጠን ግዙ። ያልተለመደ መጠን የሚወስድ ማሽን በርካሽ ቢቀርብላችሁ ርካሽ የሆነበትን ምክንያት አሁን አወቃችሁ።

"ካጣሁ ረጅሙን ቆርጬ አጣብቀዋለሁ" የሚል አይጠፋም። ተዉ! የወረቀቱ መጋጠሚያ በፋብሪካ በልዩ ሙጫ የተያያዘ ነው። ቤት ውስጥ የተጣበቀ መጋጠሚያ በሰከንድ ብዙ ሜትር እየሮጠ ሲበጠስ እጅና ፊት ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለ ቁጥሮቹ፦ ወረቀቱ ጀርባ ላይ 40፣ 60፣ 80፣ 100፣ 120 የሚል ታያላችሁ። ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ፣ ሲበዛ ለስላሳ ነው። በአውሮፓው መለኪያ የ40 ቁጥር ቅንጣት በአማካይ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ120ው 0.125 ሚሊ ሜትር ነው። በሌላ አነጋገር 40 ቁጥር የሚተወው ጭረት ጥልቅ ነው።

ለመጀመር 80 እና 120 ይበቃችኋል። ወፍራም ቫርኒሽ ወይም በጣም ከፍ ዝቅ ያለ ገበታ ካለ 60 ጨምሩ። 40 ቁጥር በጀማሪ እጅ አይመከርም። ቅደም ተከተሉንም አትዝለሉ፤ ከ60 በቀጥታ ወደ 120 ብትሄዱ የ60ው ጭረት ከሥር ይቀራል፣ ቫርኒሽ ሲቀባ ብቅ ይላል።

ወረቀቱን አጥፋችሁ አታስቀምጡ፣ ይሰነጠቃል። እርጥበት በሌለበት ቦታ ወፈር ያለ ቱቦ ላይ አንጠልጥሉት።

📌 ጥያቄ 6፦ አቧራውን ምን እናድርገው?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ብዙ ወርክሾፕ ውስጥ ሰጋቱራ ማለት ልብስ ላይ የሚራገፍ ነገር ነው። ችግሩ ግን ዓይናችሁ የሚያየው ሰጋቱራ አይደለም። የሚጎዳችሁ አየር ላይ ቀርቶ በመስኮት በሚገባ ፀሐይ ብቻ የሚታየው ደቃቁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በ1995 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በተለይ የአፍንጫ ውስጥና በዙሪያው ያሉ ክፍተቶች ካንሰር ነው። ኤምዲኤፍ ሲሆን ደግሞ ማጣበቂያው ውስጥ ፎርማልዴሃይድ አለ፤ እሱም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። አሮጌ ቀለም ከሆነ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፤ በደረቁ ስትገፉት በትንፋሽ ትስቡታላችሁ፣ በልብሳችሁ ይዛችሁት ቤት ሕፃን ልጅ ጋር ትገባላችሁ። ዕድሜው የማይታወቅ አሮጌ ቀለም በቤልት ሳንደር አትግፉ።

ይህ ሁሉ ለማስፈራራት አይደለም። ዛሬ የምትተነፍሱት አቧራ ዛሬ አያማችሁም፤ ችግሩም ያ ነው። የ22 ዓመት ልጅ "እኔ ምንም አልሆንኩም" ይላል፣ ጉዳቱ ግን ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው።

ማሽን ስትመርጡ ሁለት ነገር እዩ፦

👉 የአቧራ ከረጢት አለው? ከረጢቱ የት በኩል ነው? ሥራውን የሚከልልባችሁ ከሆነ ነቅላችሁ ትጥሉታላችሁ፣ ስለዚህ እዚያው ሞክሩት።
👉 ከረጢቱ ሲወጣ አፉ የቫኪዩም ቱቦ ይቀበላል? ከረጢት ብቻውን ደቃቁን አይዝም፤ ቫኪዩም ይሻላል።

ማስክ ደግሞ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚል ይሁን። ሻሽ፣ ነጠላ ወይም ስስ የጨርቅ ማስክ ትልልቁን ብቻ ነው የሚያስቀረው። መነጽርና የጆሮ መከለያም አትርሱ፤ ድምፁ በቀን ለስምንት ሰዓት ወሰን ከሚባለው ከ85 ዲሲቤል በላይ ይወጣል።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ፦ በዚያው ማሽን ብረት አታለስልሱ። ብረት ፍንጣሪ ይረጫል፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ደረቅ ሰጋቱራ ደግሞ እሳት ለመያዝ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። የተቸነከረ ሚስማር ካለም አስቀድማችሁ ንቀሉ።

📌 ሱቅ ውስጥ የምትፈትሹት

እንግዲህ ሱቅ ገባችሁ። "ኦርጅናል ነው፣ ምንም አታስብ" ተባላችሁ። አትቸኩሉ።

1. ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ቮልት፣ ኸርዝ፣ ዋት፣ የሞዴል ቁጥርና ተከታታይ ቁጥር ይኑር። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። ሞዴሉን ስልካችሁ ላይ ፈልጉና የአምራቹ ገጽ ላይ ካለው ዋትና የወረቀት መጠን ጋር አመሳክሩ። ደቂቃም አይፈጅም።

2. አስነሱት። ድምፁ አንድ ወጥ ነው? የሚንኳኳ ወይም የሚያፋጭ ነገር ካለ ኩሽኔታው ወይም ጥርሱ ችግር አለበት።

3. ወረቀቱ እየዞረ እያለ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል? ጎኑ ላይ የማስተካከያ ቁልፍ አለ፤ ትንሽ ስትዞር ወረቀቱ ወደ መሐል ተመልሶ መቆም አለበት። ካልቆመ አትግዙት። የሚሸሽ ወረቀት ራሱንም ማሽኑንም ይበላል።

4. ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ወረቀቱን አውጡና ከሥር ያለውን ጠፍጣፋ ብረት በቀጥታ ማስመሪያ ለኩት። ጎድጎድ ወይም ጎበጥ ካለ ገበታችሁም እንደዚያው ይሆናል።

5. ወረቀት ለመቀየር ሌቨሯን ሳቡ። ካቻቢቴና ሰው የሚያስቸግር ከሆነ እናንተንም በየቀኑ ያስቸግራችኋል።

6. የሞተሩ ካርቦን ከውጭ ይወጣል? ካርቦን የሚያልቅ ነገር ነው። ከውጭ ሁለት ክዳን ፈትቶ የሚቀየርበት ማሽን ለዓመታት ያገለግላል። ካርቦኑ እዚሁ ይገኝ እንደሆነም ጠይቁ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከዚህ ሁሉ ላይ አንድ ጨምሩ፦ ቢያንስ አምስት ደቂቃ አስነስታችሁ አቆዩት። የደከመ ሞተር ቀዝቃዛ ሲሆን ደህና ይመስላል፤ ሲሞቅ ነው ማንነቱ የሚወጣው። በአየር ማስወጫው በኩል ብዙ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

በጀታችሁንም በማሽኑ ዋጋ ብቻ አትያዙ። ማሽን፣ አሥር ወረቀት፣ ማስክ፣ መነጽርና ሁለት ሞርሳ አንድ ላይ ደምሩ። ድምሩ ከአቅም በላይ ከሆነ የማሽኑን ደረጃ ዝቅ አድርጉ እንጂ ማስኩን አትሰርዙ።

📌 የመጀመሪያው ቀን

ማሽኑ ተገዝቷል። እጃችሁ እየበላችሁ ነው፣ እናውቃለን። ግን የደንበኛ ጠረጴዛ ላይ አትጀምሩ። ቁራጭ ጣውላ ፈልጉ።

መጀመሪያ ጣውላውን በሞርሳ ባንኮው ላይ እሰሩት። ካልታሰረ ማሽኑ እንጨቱን ወደ ኋላ፣ ወደ ሆዳችሁ ይወረውረዋል። ከዚያ የወረቀቱ ጀርባ ላይ ያለችውን ቀስት እዩ፤ ቀስቷ ማሽኑ ላይ ካለችው ቀስት ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ትሁን።

አሁን የጣውላውን ፊት በእርሳስ ቸክችኩበት፣ ከዳር እስከ ዳር። ማሽኑን አየር ላይ አስነሱ፣ ፍጥነቱን ሲይዝ እንደ አውሮፕላን ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉት። በሁለት እጅ ያዙ፣ የእንጨቱን ጅማት ተከትላችሁ ሳትቆሙ ሂዱ፣ ተመለሱ። አትጫኑት፤ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ጠርዝ ላይ ስትደርሱ ከወለሉ ግማሽ በላይ ወደ ውጭ አታስወጡት፣ ካለበለዚያ ጠርዙን ክብ ያደርገዋል። ስትጨርሱ መጀመሪያ አንሱት፣ ከዚያ አጥፉት። እስኪቆምም ጠብቁ።

የእርሳሱ ጭረት የቀረበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው፤ የጠፋበት ከፍ ያለ ነበር። ሁሉም እኩል ሲጠፋ ገበታው ተስተካክሏል ማለት ነው። ሌላ መለኪያ አያስፈልግም።

⚠️ የመጨረሻዋ፣ ግን ትልቋ

ማብሪያው ጎን አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ስትጫኗት ማብሪያው ተቆልፎ ይቀራል፣ ጣት አይደክምም። ጥሩ ነገር ናት፤ መብራት የማይጠፋበት አገር ላይ።

እኛ ጋር እንዲህ ይሆናል። ማብሪያው ተቆልፎ እየሠራችሁ መብራት ይጠፋል። ማሽኑ ዝም ይላል። እናንተም ባንኮው ላይ አስቀምጣችሁት ሻይ ልትጠጡ ትወጣላችሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራት ይመጣል። ማሽኑ ግን እንደበራ ነው! ማንም ሳይነካው ይነሳል፣ ባንኮው ላይ ይሮጣል፣ ገመዱን ይጎትታል፣ ከዚያ ይወድቃል። ከፊቱ የቆመ ሰው ካለ፣ ወይም ሰጋቱራ የሚጠርግ ትንሽ ልጅ ካለ፣ የቀረውን አስቡት። መጀመሪያ ላይ "ይህን ያዙት" ያልናችሁ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሕግ ለወርክሾፓችሁ ግድግዳ ላይ ጻፉ፦

መብራት ሲጠፋ፣ ማንኛውም ማሽን ከሶኬት ይነቀላል።
ስፒና ከመሰካቱ በፊት፣ ማብሪያው አለመቆለፉ ይታያል።

ወረቀት ስትቀይሩም እንደዚያው፣ መጀመሪያ ንቀሉ።

እንጨት ታጋሽ ነው ይባላል፣ ግን የተበላ እንጨት አይመለስም። ጣትና ሳንባም እንደዚሁ። ማሽኑን ለሥራችሁ ልክ ምረጡ፣ ወረቀቱን መጀመሪያ ፈልጉ፣ ቮልቱን አንብቡ። የሚቀጥለው ጠረጴዛችሁ ላይ መብራት ሲያርፍ የሚታየው የዋንዛው ጅማት ብቻ ይሁን።

ሰሞኑን ማሽን ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ብሩን ሳይከፍል ላኩለት። ከአሜሪካ ዕቃ ሊያመጣ ላለ ዘመድም ቢሆን አራተኛዋን ጥያቄ ለይታችሁ ላኩለት። መልካም ሥራ!